የታሰረችው አውራ

አምስተኛው ቀፎ ባዶውን የቀረው በጥር መግቢያ ላይ፣ ረፋዱ ሞቅ ሲል ነው። ሩቂያ ከግራሩ ሥር ቁጭ ብላ የደረቀ የማሽላ አገዳ ለፍየሏ ትቆራርጥ ነበር። ከራሷ በላይ ያለው ድምፅ ድንገት ተለወጠባትና ቀና አለች። ንቡ ከቀፎው አፍ ይፈስሳል። በአየር ላይ ተሽከረከረ፣ ሰፋ አለ፣ መልሶ ተሰበሰበና ፊቱን ወደ ደጋው አዞረ። ሩቂያ አገዳውን ጥላ ተነሣች። ባሏ እንደሚያደርገው አፈር እየዘገነች ወደ ላይ በተነች፤ ቆርቆሮ አንሥታ እየደበደበች ተከተለች። አንዳንዴ እንዲህ ሲደረግ ንብ ይደነግጥና ቅርብ ዛፍ ላይ ያርፋል። ይህኛው አላረፈም። ከተራራው ግርጌ ያለው አቧራ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ልጇ ኑርሃን ከቤት ብቅ አለች።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

"እንግዲህ አንድ ቀረን።"

ሩቂያ ወደ ስድስተኛው ቀፎ ሄዳ ጆሮዋን አስጠጋች። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተሰቀለው እሱ ነው። ውስጡ ያጉረመርማል፤ ግን ሥራ የያዘ ንብ ድምፅ አይደለም። ዕቃውን የሚሸክፍ ሰው ጓዳ ውስጥ ሲንጎዳጎድ እንደሚሰማው ነው።

ዓመቱ ክፉ ሆኗል። ዝናቡ ሐምሌን እንደነገሩ ጥሎ ነሐሴ ላይ ተቋረጠ። ማሽላው ሳያፈራ አገዳ ሆኖ ቀረ፤ ማሾው ከነአበባው ረገፈ። አበባ ከሌለ ደግሞ ንብ ምን ይሠራል?

ባሏ ሰዲቅ በሕይወት ሳለ፣ እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ንቦቹ ጥለውት እስኪሄዱ አይጠብቅም ነበር። የቀፎዎቹን አፍ በጨርቅ ወትፎ አህያ ላይ ይጭንና ወደ ደጋ ያወጣቸዋል። ከደብረ ሲና በታች፣ ግራዋና ባሕር ዛፍ በሚያብብበት ቁልቁለት ላይ፣ ጋሽ ፍፁም የሚባል ወዳጅ ነበረው። ንቦቹ እዚያ ይከርማሉ፤ ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ፤ ማሩን ሁለቱ ይካፈላሉ። የጋሽ ፍፁም ላሞች በበኩላቸው፣ ደጋውን ውርጭ ሲመታው ወደ ሰዲቅ ይወርዳሉ። ነገሩ ከአባቶቻቸው የመጣ ነው። አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን መሆኑ ለንቡም ለላሙም ጉዳዩ አልነበረም።

አጣዬ የተቃጠለች ዓመት መንገዱ ተዘጋ። መንገዱስ በኋላ ተከፈተ፤ የሰዉ ልብ ግን ቶሎ አልተከፈተም። ጋሽ ፍፁም አልደወለም፤ ሰዲቅም አልደወለም። "ቅር ብሎት ይሆናል" ሲል፣ "ዛሬ ነገ" ሲል ቆይቶ፣ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ወባ ጣለውና ሳይነሣ ቀረ። ሩቂያ ወደ ደጋ መርዶ አላከችም። በሰደቃው ቀን እንኳ ጋሽ ፍፁምን የጠራው ሰው አልነበረም። አህያውም በዚያው ሰሞን ሞተ።

ከሰዓት በኋላ የሰዲቅ እህት ፈይዛ ከጀውሃ ደወለች። ጀውሃ ላይ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ምግብ ቤት አላት።

"አንቺ ሩቂያ፣ ልጅቷን ላኪልኝ አልኩሽ እኮ! ሰሃን የሚያጥብልኝ አጥቼ ወገቤ ተቆረጠ።"

"ኢንሻአላህ እናያለን።"

"ምኑን ነው የምታዪው? እህል የለሽ፣ ውሃ የለሽ።"

"ንብ አለኝ።"

ፈይዛ ሳቀች። "ተሰደዱ አላልሽም እንዴ?"

"አንድ ቀፎ አለ። እህል ነጋዴው ማሩን ተስፋ አድርጎ ማሽላ ይሰጠኛል። ቀፎው እስካለ ድረስ ልጄ ከትምህርቷ አትወጣም።"

"እሱም የሄደ ቀን ደውይልኝ" አለችና ፈይዛ ዘጋችው።

ፈይዛ ክፉ ሰው አይደለችም። ሩቂያም ይህን ታውቃለች። ግን ጀውሃንም ታውቀዋለች። መኪናው ሲገባ ሲወጣ ያመሻል፤ ሾፌሩ ስሙን ሳይናገር በልቶ ይሄዳል። ኑርሃን ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰው ሲጠራት "አቤት" ብላ ሮጣ የምትሄድ ልጅ ናት። ሩቂያ ይህንን "አቤት" ነው የምትፈራው።

በማግስቱ ከጎረቤቷ ከእትዬ ፋዲላ ጋር ወደ ሮቢ ወንዝ ወረደች። ወንዝ ይባላል እንጂ ውሃው ከላይ አይታይም። ሴቶቹ አሸዋውን ቆፍረው፣ ከሥሩ የሚያዣውን በጣሳ እየጨለፉ ጀሪካን ይሞላሉ። እትዬ ፋዲላ ስትቆፍር ዶማዋ አንድ ድቡልቡል ጭቃ አወጣ። ለሁለት ሲከፈል መሐሉ ላይ እንቁራሪት ተኮራምታለች። ቆዳዋ እንደ ወረቀት ደርቆ ተጠቅልሎባታል፤ ዓይኗ ተከድኗል።

"ሞታለች" አለች ሩቂያ።

"የምን ሞት!" እትዬ ፋዲላ ከጣሳው ጠብ አደረገችባት። ጥቂት ቆይቶ የእንቁራሪቷ እግር ተንቀሳቀሰ። "አየሻት? እሷ ምን አለባት። ውሃ አትቀዳ፣ እንጨት አትለቅም፣ ለባል ራት አታቀርብ። ክፉውን ቀን ተኝታ ታሳልፈዋለች። እኔንም እንዲህ አፈር አልብሰው ሰኔ ላይ ቢቀሰቅሱኝ!"

"እትዬ፣ እርስዎ ሳይናገሩ መዋል መቼ ይችላሉ?" አለች አንዷ። "አፈር ውስጥ ከማን ጋር ሊያወሩ?"

"አፈሩን አማዋለሁ!"

ሴቶቹ ሳቁ። ሩቂያም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ከእንቁራሪቷ ላይ አልተነሣም። እትዬ ፋዲላ ጭቃውን መልሳ ጠፍጥፋ አለበሰቻትና ከጉድጓዱ ጥግ ቀበረቻት። "ያለ ቀኗ ቀሰቀስናት፣ አላህ ይቅር ይበለን" አለች።

ሩቂያ ጀሪካኗን አዝላ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ታስባለች። በቁልቋሉ አጥር ላይ የተጣበቁትን ቀንድ አውጣዎችም አየቻቸው። ሁሉም የቅርፊታቸውን አፍ በነጭ ሽፋን ደፍነው ዝም ብለዋል። እንዲህ ሆነው ይከርሙና ካፊያ ሲነካቸው ይነሣሉ። ለካ ፍጥረት ሁሉ ክፉ ቀን ሲመጣ አይሄድም። ባለበት ዝም ብሎ የሚያሳልፍም አለ። ንቡስ? መንገድ እንዳይወጣ የሚይዘው ቢያገኝ፣ ቀፎው ውስጥ ተጠጋግቶ ዝም ቢል፣ ቢያንስ ሕይወቱ አይተርፍም?

የሚይዘውን ደግሞ ታውቀዋለች። ንብ ያለ አውራው የትም አይሄድም። ሰዲቅ አውራዋን "እናቲቱ" ይላት ነበር። እናቲቱ ከታሰረች ንቡ ሁሉ ታሰረ ማለት ነው።

ማታ ራት ላይ፣ አውራዋን ልታስር መሆኑን ለኑርሃን ነገረቻት። ኑርሃን ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

"እማ፣ ለጋሽ ፍፁም ለምን አንደውልለትም?"

"ምን ብለን?"

"ንቦቹን ተቀበሉን ብለን ነዋ።"

"ስንት ዓመት ዝም ላለን ሰው? ደግሞ መንገዱስ? አንቺን ትቼ ልሂድ፣ ይዤሽ ልሂድ?"

"አባባ ይሄድ የለ።"

"አባትሽ ወንድ ነበር።"

"ንቦቹ ወንድ መሆኑን አይተው ነው እንዴ የሚከተሉት?"

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!"

ሩቂያ በሆዷ፣ ደጋ ሄዳ በር ከሚዘጋባት እዚሁ ብትቸገር እንደሚሻላት አሰበች።

ሰዲቅ አውራ የሚያስርባት ከመቃ የተሠራች፣ ጣት የምታህል፣ ጎኗ በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ ቤት ነበረችው። ሩቂያ ከሣጥን አወጣቻት። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ጭስ አጭሳ ቀፎውን ከፈተች፤ የማር እንጀራውን አንድ በአንድ እያገላበጠች ፈለገች። እጇን ተነደፈች፣ ከንፈሯን ተነደፈች። በመጨረሻ አገኘቻት። ረዘም ያለች፣ ክንፏ ያጠረ፣ በንቦች የተከበበች ነበረች። በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መቃው አስገባቻት፤ አፉን በሰም ደፍና፣ መልሳ ቀፎው ውስጥ በክር ሰቀለቻት።

ሰዲቅ እንዲህ የሚያደርገው መስከረም ላይ፣ አገሩ አበባ ለብሶ ሳለ፣ አዲስ ለያዘው ንብ ነበር። ቤቱን እስኪለምድና ሰፈፍ መሥራት እስኪጀምር ብቻ ያስራትና ወዲያው ይፈታታል። ሩቂያ ሲያስር ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ሲፈታ ግን ልብ ብላ አይታ አታውቅም።

ንቡ ሊሄድ የተነሣው አውራዋ ከታሰረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። እንደ አምስተኛው ቀፎ ረፋድ ላይ ፈሰሰ፤ በግራሩ አናት ላይ ዞረ። ሩቂያ አፈርም አልዘገነች፣ ቆርቆሮም አልመታች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ንቡ ወደ ደጋው ጥቂት ሄደ፤ ቆመ፤ በአየር ላይ የጠፋበትን እንደሚፈልግ ሰው ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ተመለሰ። ቀፎው አፍ ላይ ተደራርቦ አረፈና እየተጋፋ ገባ።

"አልሐምዱሊላህ!" ሩቂያ ዕንባዋ መጣ። "እትዬ ፋዲላ! እትዬ! ኑ እዩልኝ፣ ተመለሰልኝ!"

እትዬ ፋዲላ መጥታ ቀፎውን ከሩቅ አዳመጠች። "ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?"

"ይለምደዋል።"

"እኔ እንጃ። የለመደ አይመስልም።"

ንቡ በሌላ ቀንም ወጣና ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ሩቂያ ስኳር በውሃ በጥብጣ በሰሃን አስቀመጠች፤ የራሷን የጠዋት በሶ ቀንሳ ከቀፎው አፍ ነሰነሰች። ጥቂቶቹ ቀመሱ። ሌሎቹ ሰሃኑ ውስጥ እየሰመጡ ቀሩ። ለፈይዛ ግን በኩራት ደወለችላት።

"አልሄደም። እዚሁ ነው።"

"እንዲህ ከሆነ ማሻአላህ" አለች ፈይዛ። "ግን ማር ይሠራል?"

ሩቂያ ስልኩን ዘግታ ሌላ ስኳር ልትበጠብጥ ሄደች።

አንድ ጠዋት ኑርሃን ወደ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ፣ ሩቂያ ቆሻሻ ልትደፋ ወደ ጓሮ ዞረች። ከአጥሩ ሥር ጉንዳን ተሰልፏል። ሰልፉን ስትከተል አንድ ትንሽ ክምር ጋ ደረሰች። ብርማ ክንፍ፣ የተኮራመተ እግር፣ ቢጫ ሆድ። የሞተ ንብ ነው፤ ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ። ከግራሩ ሥር እስከዚያ ድረስ መሬቱ ላይ የመጥረጊያ ፈለግ ይታያል።

ኑርሃን ስትመለስ እናቷ ክምሩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት።

"አንቺ ነሽ የምትጠርጊው?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሲመለስ ካየነው ቀን ጀምሮ። በየጠዋቱ ከሥር ይወድቃሉ። ደስ ብሎሽ ስለነበር... እንዳታዪው ብዬ ነው።"

"ይተኛሉ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ። እንደዚያች እንቁራሪት።"

"ንብ አይተኛም እማ" አለች ኑርሃን ቀስ ብላ። "ከበላ ይቆያል፣ ካልበላ ይሄዳል። እነዚህ ጥለዋት እንዳይሄዱ እናታቸው ናት። ይዘዋት እንዳይሄዱ አንቺ አስረሻታል።"

ሩቂያ ተነሥታ ጭስ እንኳ ሳታጭስ ቀፎውን ከፈተችው። የሚነድፋት አልነበረም። የማር እንጀራው ባዶ ነው፤ ሲነካ ይፈረፈራል። አንድ ጭብጥ የሚሞላ ንብ ብቻ በመቃዋ ቤት ላይ ተጣብቋል፤ አንዳንዱ በቀዳዳው በኩል አፉን ወደ ውስጥ ሰዶ ያጎርሳል። ለራሳቸው አጥተው እሷን እየመገቧት ነበር። ሩቂያ ሰሙን በጥፍሯ ፍቃ መቃውን ከፈተች። እናቲቱ ወጣች። ትንሽ ተራመደችና ቆመች። ንቦቹ ከበቧት። ለመብረር የተነሣ የለም።

ያን ጊዜ ሩቂያ የሰዲቅን ስልክ አነሣች። የጋሽ ፍፁምን ቁጥር ኑርሃን አወጣችላት። ገና አንዴ ሲጠራ ተነሣ።

"ሰዲቅ! አንተ ሰው፣ ወይ ጨክነህ! ምን በደልኩህ?"

ሩቂያ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሰዲቅ? ይሰማል?"

"ሩቂያ ነኝ፣ ጋሽ ፍፁም።"

"እህቴ! ደህና ነሽ? እሱስ?"

"አለፈ። በመስከረም ዓመት ሆነው።"

"የነገረኝ የለም" አለ ጋሽ ፍፁም።

"እኛም አልነገርንዎት።"

"እኔ ደግሞ ዘንድሮ ንቡ ሲመጣ፣ እሱም ተከትሎት ይመጣል ብዬ መንገድ መንገዱን ሳይ ነው የከረምኩት።"

"የቱ ንብ?"

"ከቆላ የወጣው ነዋ። የኛ ንብ ጠቆርና ተለቅ ያለ ነው። ይህ ትንሽ፣ ቢጫ፣ ቁጡ ነው። በየዓመቱ እንደማደርገው ባዶ ቀፎዎቼን ሰቅዬ ነበር፤ በራሱ ጊዜ መጥቶ ገባ።"

ይዘሻቸው ነይ ስላላት፣ ሩቂያ በማግስቱ የቀሩትን ንቦች ከነእናታቸው ቅል ውስጥ አግብታ፣ አፉን በሻሽ አሰረች። ኑርሃንን ለእትዬ ፋዲላ አደራ ብላ፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ገብታ ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች። ከተማው ሳያልቅ ረዳቱ ጆሮውን ቀሰረ።

"እናት፣ ቅሉ ውስጥ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?"

"ንብ ነው፣ ልጄ።"

"ወላሂ?" አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ ከመቀመጫው ተነሣ። "ወራጅ አለ!"

"ቁጭ በል ባክህ" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። "ድምፁን አትሰማም? ላንተ ለአንድህ እንኳ አይበቃም።"

ሰዉ ሳቀ። ሩቂያ ግን ጆሮዋን ቅሉ ላይ አድርጋ ነበር። የአርማንያን ከተማ አልፈው መኪናው ሽቅብ ሲያቃስት፣ ብርዱ በመስኮት ገባ። ነጠላዋን አውልቃ ቅሉን ጠቀለለችው። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ደጋው አፋፍ ላይ ሲደርሱ የሞተሩ ጩኸት ነው ብላ ራሷን አታለለች፤ ስትወርድ ግን የሞተር ጩኸትም አልነበረም።

ጋሽ ፍፁም መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቃት። ጠጉሩ ሸብቷል። ሰላምታውን ሳይጨርስ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ቅሉን ተቀብሎ ፈታው፤ እናቲቱን መዳፉ ላይ አድርጎ በአፉ ሙቀት ደጋግሞ ተነፈሰባት። አልተንቀሳቀሰችም።

"ምን ያህል ጊዜ አሰርሻት?"

"ከጥር መግቢያ ጀምሮ።"

"ሰዲቅ እኮ..."

"አውቃለሁ። ሲፈታ አላየሁም ነበር።"

ወደ ጓሮ ወሰዳት። ቁልቁለቱ ላይ ግራዋው አብቧል። ሁለት ቀፎዎች ይሠራሉ፤ ትናንሾቹ ቢጫ ንቦች እግራቸው ላይ ነጭ ዱቄት ይዘው ይገባሉ። ሦስተኛው ቀፎ ተከፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ይሄኛው ሲመሽ ደረሰ" አለ። "ሌቱን ውርጭ ጣለ። ጠዋት ሁሉንም ከሥር አፈስኩት።"

"ሌሎቹስ? ከኔ ቤት የሄደው አምስት ነው።"

"እኔ ጋ የደረሰው ሦስት ነው፣ እህቴ። ያልደረሰው የት እንደ ወደቀ እግዚአብሔር ይወቀው። እነዚህም የሰዲቅ ይሁኑ የሌላ ሰው፣ ምን ምልክት አላቸው?"

ሩቂያ ንቦቹን ቆማ ታያቸው ጀመር። አንዱ እጇ ላይ አርፎ ተነሣ።

"ደንቡ ንብ የገባለት ሰው ይወስዳል ነው" አለ ጋሽ ፍፁም። "ግን አንዱ ቀፎ ያንቺ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከጣለ መጥተሽ ትወስጂያለሽ። አሁን ካወረድሽው ይሞትብሻል።"

"ያክብርልኝ ጋሽ ፍፁም፣ አላህ ይስጥልኝ።"

ሐምሌ ሩቅ ነው። እህል ነጋዴው በቀፎ የሚያምነው ግቢዋ ውስጥ ሲያየው ነው። ጋሽ ፍፁም ባቄላ በከረጢት ሞልቶ ሰጣት፤ ሚስቱ ወይዘሮ ሮማን የእንጀራ ድርቆሽ ጨመረችበት። ይህም ቢበዛ ወሩን ቢያስጨርስ ነው። ሩቂያ ሚኒባስ እስኪመጣ መንገዱ ዳር ቆማ ወደ ቆላው ቁልቁል ስታይ፣ አገሩ በአቧራ ተሸፍኖ ቤት ከዛፍ አይለይም። ለፈይዛ ደወለች።

"ልጅቷ ትመጣለች።"

"ንቡስ?"

"አለቀ።"

ፈይዛ አልሳቀችም። "አይዞሽ። ከኔው ጋ ነው የምትተኛው" አለች።

ኑርሃን የሄደችው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። መናኸሪያው ውስጥ፣ ደብተሮቿን ከልብሷ ሥር አድርጋ የሸከፈችውን ፌስታል ጭኗ ላይ ይዛ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሩቂያ በመስኮቱ በኩል እጇን ይዛታለች።

"ማታ ማታ ደውይ።"

"እሺ።"

"ሾፌር ሲጠራሽ ሮጠሽ አትሂጂ። አክስቴን ልጥራልዎት በይ።"

"እሺ።"

"በሩን ከውስጥ ቀርቅሪ። የትምህርት ቤቱን ነገር ሐምሌ ላይ..."

"እማ፣ እሺ አልኩ እኮ።" ኑርሃን እንዳታለቅስ ቶሎ ሌላ ነገር አነሣች። "እዚያ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀፎዎች የኛ ይመስሉሻል?"

"ይመስሉኛል።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"አላወቅኩም።"

"እናት፣ እጅሽን አንሺ፣ ሊንቀሳቀስ ነው" አለ ረዳቱ። ሩቂያ እጇን አነሣች። መኪናው በአህዮቹና በባጃጆቹ መሐል ተሽሎክልኮ ወጣ፤ ወደ ጀውሃ የሚወስደውን አስፋልት ያዘ።

ሩቂያ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሌላ ሚኒባስ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ ይጣራል።

"ጀውሃ! አጣዬ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው! እናት፣ ትሄጃለሽ?"

"የለም" አለችው። "እኔ እዚሁ ነኝ።"